የተነከሱትን ፍለጋ፦ ከዊትቢ እስከ ሞራቫ ወንዝ የተደረገ የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፣ ዊትቢ

ከመቃብሩ ተነሥቶ የሰው ደም ይመጥጣል ስለሚባለው ሙት፣ ስለ ቫምፓየር፣ ያነበበ መንገደኛ ወደ አውሮፓ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ነካሹ ቤት ነው። ግንቡን ይጎበኛል፣ የሬሳ ሣጥኑን ያያል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካጠለቀ ተዋናይ ጎን ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። እኔ ይህን ጉዞ ያቀድሁት የተነከሱት ሰዎች የቆሙበትን፣ የታመሙበትንና የተቀበሩበትን ቦታ እየተከተልሁ ከእንግሊዝ ጠረፍ ወደ ሰርቢያ መንደሮች ለመውረድ፣ ማለትም ከታወቀው ልቦለድ ተነሥቼ ነገሩ ሁሉ ወደ ተጀመረበት መዝገብ ለመድረስ ነው። በማስታወሻው የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊትቢ በእስክ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች የወደብ ከተማ ናት። በምዕራቡ ገደል ላይ የእንግዳ ማረፊያዎች ተደርድረዋል፤ በምሥራቁ ገደል ላይ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከነመቃብሩ፣ ከጀርባውም የፈረሰው ገዳም ይታያል። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር በ1890 በጋ እዚህ መጥቶ ሮያል ክሬሰንት በተባለው የምዕራብ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ዋላኪያና ሞልዳቪያ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ድራኩላ የሚለውን ስም አገኘ፤ ከባሕር ጠባቂዎችም በጥቅምት 24 ቀን 1885 ከምሥራቁ ገደል ሥር አሸዋ ላይ ስለ ወጣችው ዲሚትሪ ስለምትባል የሩሲያ መርከብ ሰማ። በ1897 በታተመው ድራኩላ በተሰኘው ልቦለዱ ይህች መርከብ ዴሜተር ተብላ ትመጣለች።

የዴሜተርን ሠራተኞች አብዛኛው አንባቢ አያስታውሳቸውም። አምስት መርከበኞች፣ ሁለት ረዳቶች፣ አንድ ወጥ ቤትና አዛዡ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። አንድ በአንድ እየጠፉ አልቀው መጨረሻ ላይ አዛዡ ራሱን ከመሪው ጋር በገመድ አስሮ፣ በእጁ መስቀል እንደያዘ ሬሳው ወደብ ይደርሳል። ስቶከር የእነዚህን ሰዎች መጨረሻ በአዛዡ የመርከብ መዝገብ በኩል፣ በጥቂት ደረቅ ዐረፍተ ነገሮች ማስነገሩ በመጽሐፉ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ደራሲው ስለ ፍርሃት ምንም ሳይሰብክ የጎደለውን ሰው ብቻ ይቆጥራል።

ከሰዓት በኋላ 199ኙን የድንጋይ ደረጃዎች ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች የድራኩላን መቃብር እንዳይጠይቋቸው ጎብኚዎችን በጽሑፍ እስከ መለመን ደርሰው ነበር፤ በእርግጥም ጠያቂው ብዙ ነው። የሉሲ ዌስተንራን አግዳሚ ወንበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ልቦለዱ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሉሲ በእንቅልፍ ልቧ እየተራመደች ሌሊት ከቤት ወጥታ የምትነከሰው በዚህ መቃብር ውስጥ ባለ ወንበር ላይ ነው። ጓደኛዋ ሚና ከምዕራቡ ገደል ሆና በጨረቃ ብርሃን ነጭ የለበሰችውን ልጅና በላይዋ ያጎነበሰውን ጥቁር ነገር ታያለች፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወደቡ፣ በዓሣ ገበያው አጠገብ አልፋ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ደረጃውን ትወጣለች። ይህን መንገድ እኔም በእግሬ ሄድሁበት፤ ቀኑ ብርሃን ሆኖ፣ እግሬም ጫማ ለብሶ፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ ተቆራረጠ። ሚና ከደረሰች በኋላ የምታደርገው ነገር ነው እዚያ ያቆየኝ። ጫማዋን አውልቃ ለጓደኛዋ ታጠልቅላታለች፣ የራሷን ባዶ እግርም መንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው እንዳይለየው ጭቃ ትቀባዋለች። በማስታወሻዋ ላይ እንደምትገልጸው የምትሠጋው ለሉሲ ጤና ብቻ ሳይሆን ወሬው ከተሰማ ለሚጎድፈው ስሟም ጭምር ነው። አንገቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለባት ልጅ ገና ቤቷ ሳትደርስ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ጉዳይ ቀድሟታል።

ሰኞ፣ ወደ ለንደን በባቡር

ባቡሩ ውስጥ የሉሲን ሞት የሚተርኩትን ምዕራፎች እንደገና አነበብሁ። አራት ወንዶች፣ እጮኛዋን አርተርን ጨምሮ፣ በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል። ካርል ላንድሽታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ ያሳወቀው ልቦለዱ ከታተመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1901 ስለሆነ የዛሬ አንባቢ ልጅቱን ያዳከማት ቫምፓየሩ ብቻ ነው ወይስ ሕክምናውም አግዞታል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ከመሞቷ ጥቂት ቀናት በፊት ራሷ የጻፈችው ወረቀት ነው። ተኩላ መስኮቱን ሰብሮ፣ እናቷ አጠገቧ ሞታ፣ የቤት ሠራተኞቹ ወይን ውስጥ በገባ ማደንዘዣ ተዘርረው፣ እርሷ በዚያ ሌሊት የሆነውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ምክንያቷም በእርሷ ጉዳይ ማንም ሰው እንዳይከሰስ ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የሚጽፉት ነገሩን ለመረዳት ነው፤ ሉሲ የምትጽፈው ለሌሎች ምስክር ለመሆን ነው።

ከሞተች በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁ ያውቃሉ። ሕፃናትን የምትነክስ ሆና ከመቃብሯ ትነሣለች፣ ወንዶቹም ተሰብስበው እጮኛዋ በገዛ እጁ የሾለ እንጨት በልቧ ላይ እንዲተክል ያደርጋሉ። ተራኪው ዶክተር ይህን እንደ ምሕረት ያቀርበዋል። በቫምፓየር ድርሰት ውስጥ ሰለባ መሆን ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ መሞት ነው፤ ሁለተኛውንም ሞት የሚያመጡት የሚወዷት ሰዎች ናቸው።

ማክሰኞ፣ ለንደን

ጠዋት ሶሆ ውስጥ ግሬት ፑልትኒ ጎዳና ሄድሁ። ጆን ዊልያም ፖሊዶሪ በዚህ ጎዳና ተወልዶ በ1821 በ25 ዓመቱ እዚሁ ሞቷል፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ፖሊዶሪ የገጣሚው የሎርድ ባይረን ሐኪም ነበር። በ1816፣ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ያስነሣው አመድ የአውሮፓን በጋ ባቀዘቀዘበት ዓመት፣ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቪላ ዲዮዳቲ ከባይረንና ከሼሊ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ሳለ ሁሉም የሚያስፈራ ታሪክ እንዲጽፉ ተስማሙ። ሜሪ ሼሊ የፍራንክንስታይንን ታሪክ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ፖሊዶሪ ደግሞ ባይረን ጀምሮ ከተወው ቁራጭ ተነሥቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን የመጀመሪያውን የቫምፓየር ዝርው ልቦለድ ጻፈ፤ በሚያዝያ 1819 ሲታተም ግን መጽሔቱ የባይረን ሥራ ነው ብሎ አወጣው። ያ ሐኪም ባልንጀራውን መኰንን አስመስሎ የሣለውን ደም መጣጭ ባልንጀራው በስሙ ወረሰበት።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ሎርድ ሩትቨን የሚባለው መኰንን ሁለት ሴቶችን ይገድላል። ግሪካዊቷ ኢያንቴ ስም አላት። የሩትቨን የጉዞ ጓደኛ የሆነው የወጣቱ የኦብሪ እኅት ግን የመጽሐፉ መጨረሻ ሁሉ የተንጠለጠለባት ሰው ሆና ሳለ ስም እንኳ አልተሰጣትም፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ የኦብሪ እኅት ናት። ወንድሟ እውነቱን ያውቃል፤ ነገር ግን ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ምንም ላይናገር ለቫምፓየሩ ስለማለ፣ እኅቱ ነካሹን ስታገባ መሐላውን ይጠብቃል። አፉን ሲከፍት ጊዜው አልፏል። ፖሊዶሪ በዚህ ስፍራ ያሳየው ነገር ከጥርሱ ይልቅ ያስፈራኛል፦ መኰንኑን ያስከበረው የሰዎች ጨዋነት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሃይጌት መቃብር። ልቦለዱ የሉሲን መቃብር ኪንግስቴድ ይለዋል፤ በዚህ ስም የሚታወቅ መቃብር ለንደን ውስጥ ስለሌለ ብዙ አንባቢዎች በ1839 የተከፈተው ሃይጌት ነው ብለው ይገምታሉ። ዛፉ ሐውልቱን ውጦታል፣ የሐረግ ሥር የድንጋይ መላእክትን አንገት ይዟል። የፖሊዶሪ የእኅቱ ልጅ የሆነው ሠዓሊውና ገጣሚው ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ ሚስቱን ኤሊዛቤት ሲዳልን በ1862 የቀበራት እዚህ ነው፤ የግጥሞቹን ጽሑፍ ከሬሳዋ ጋር አኑሮ። ከሰባት ዓመት በኋላ ግጥሞቹን ፈልጎ ባልንጀሮቹን ልኮ በሌሊት፣ በእሳት ብርሃን መቃብሯን አስቆፈረ። ጠጉሯ ካለፈች በኋላ አድጎ ሣጥኑን ሞልቶት ተገኘ የሚል ወሬ ከዚያ ተነሣ። በመጋቢት 13 ቀን 1970 ደግሞ፣ ሃይጌት ውስጥ ቫምፓየር አለ የሚል ወሬ በቴሌቪዥን ከተላለፈ በኋላ፣ በዚያው ምሽት ብዙ ሕዝብ አጥሩን ዘሎ ገባ። በእነዚያ ዓመታት የተሰበሩት የሬሳ ሣጥኖች የማንኛውም ቫምፓየር አልነበሩም፤ በሰላም ያረፉ የለንደን ነዋሪዎች ነበሩ። ቫምፓየርን ፍለጋ የወጣ ሰው የሚያገኘው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሬሳ ነው፤ ይህ ሐሳብ እስከ ሰርቢያ ድረስ ተከትሎኛል።

ሐሙስ፣ ዊስማር

ከሐምቡርግ በሰሜን ምሥራቅ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኘው ዊስማር በ1922 በበርሊን ለታየው ድምፅ አልባ ፊልም ለኖስፌራቱ መቅረጫ ከነበሩት ከተሞች አንዷ ናት። ዳይሬክተሩ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው ከተማዋን ዊስቦርግ በሚል የፈጠራ ስም አሳይቷታል። የውኃ በር የሚባለው የጥንት የወደብ መግቢያ፣ የቅድስት ማርያም ግንብና የገበያው አደባባይ አሁንም በፊልሙ እንደሚታዩት ቆመዋል፤ በርግጥ ቤተ ክርስቲያኗ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመትታ የቀረው ግንቡ ብቻ ነው።

ፊልሙ የስቶከርን ታሪክ ያለ ፈቃድ ስለወሰደ የደራሲው ሚስት የነበረችው ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ፤ ተርፈው የተገኙት ቅጂዎች ናቸው ዛሬ የምናያቸው። በዚህ ፊልም የሰለባዎች ቁጥር ከቤተሰብ አልፎ ከተማ ይሆናል። የፊልሙ ቫምፓየር ካውንት ኦርሎክ ከአይጦች ጋር በመርከብ ይመጣል፣ ወረርሽኝ ይገባል፣ የሬሳ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች በጠባቡ መንገድ ተሰልፈው ያልፋሉ። ተመልካቹ ከጦርነቱና ከ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የተረፈ ሕዝብ ነበርና ይህን ሰልፍ ለማወቅ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ሕዝቡ በፊልሙ ውስጥ ወረርሽኙን ያመጣውን መያዝ ሲያቅተው ከእብዶች ቤት ያመለጠውን ክኖክን በየጣሪያውና በየሜዳው ያሳድደዋል። ጥፋተኛ ሲጠፋ የቅርቡ ሰው ይያዛል።

የፊልሙ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ኤለን ግን የተለየች ናት። ልቧ የነጻ ሴት ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ካዘገየችው ቫምፓየሩ እንደሚጠፋ ታነባለች፣ መስኮቱን በገዛ እጇ ትከፍታለች፣ ኦርሎክም በንጋት ብርሃን ይበናል። ቫምፓየር በፀሐይ ይሞታል የሚለው እምነት በሲኒማ የጀመረው ከዚህ ነው፤ የስቶከር ድራኩላ በቀን ለንደን ውስጥ ይዘዋወር ነበር። ይህን ፍጻሜ ብዙዎች እንደ ፍቅር መሥዋዕትነት ያደንቁታል። እኔ አደባባዩ ላይ ቆሜ ያሰብሁት ግን ከተማው ውስጥ ዶክተርም፣ ባልም፣ የከተማ ሹምም እያለ ነገሩ ለአንዲት ሴት አልጋ መተዉን ነው። ሙርናው ይህን ሆን ብሎ ይሁን አይሁን፣ ወንዶቹን ሁሉ ደካማ አድርጎ አሳይቷል፤ ባሏ እንኳ በጊዜ አይደርስም።

ዓርብ፣ ሊዩቤክ

ኦርሎክ ከኤለን ቤት ትይዩ ገዝቶ የገባበት ቤት በፊልሙ የሊዩቤክ የጨው መጋዘኖች ናቸው። ከወንዙ ዳር የቆሙ የጡብ ሕንፃዎች ሲሆኑ ዛሬ ሱቆች ገብተውባቸዋል። ዝናብ ስለነበረ ለአጭር ጊዜ አይቻቸው ወደ ጣቢያ ተመለስሁ።

እሑድ፣ ቢስትሪፃ

በሰሜን ትራንሲልቫኒያ የምትገኘው ቢስትሪፃ የልቦለዱ የመጀመሪያ ገጽ ከተማ ናት። እንግሊዛዊው የሕግ ባለሙያ ጆናታን ሀርከር ማስታወሻውን የሚጀምረው ግንቦት 3 ቀን እዚህ ሲደርስ ነው። ስቶከር ሩማኒያን በዓይኑ አላያትም፤ ከተማዋን የጻፈው ከመጻሕፍትና ከካርታ ነው፤ ሀርከር ያደረበት ሆቴል ስምም በኋላ ዘመን ለተሠራ ሆቴል ተሰጥቷል። ብዙ ጎብኚ ከዚህ ይልቅ በደቡብ ወዳለው ብራን ግንብ ይሄዳል። እኔ አልሄድሁም። ብራን በልቦለዱ ውስጥ የለም፤ ሰውን በካስማ ይሰቅል የነበረው የዋላኪያ ገዥ ቭላድም ለሉሲም ሆነ ለሚና የሚያገባው ነገር የለም። ካስማ ላይ የሞቱት ሰዎች የእውነት ሰለባዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ሌላ ጉዞ፣ ምናልባትም ከባድ የታሪክ ንባብ ያስፈልጋል እንጂ ከግንብ ፊት የሚሸጥ ጽዋ አይበቃቸውም።

ሀርከር ከዚህ ሲነሣ የማረፊያው ባለቤት ሚስት፣ ሽማግሌዋ ሴት፣ ተንበርክካ እንዳይሄድ ትለምነዋለች፤ እምቢ ሲላት ከአንገቷ መስቀሏን አውልቃ ታጠልቅለታለች፣ ስለ እናቱ ስትልም ትሰጠዋለች። ፕሮቴስታንቱ ሀርከር መስቀሉን እንደ ጣዖት ቢቆጥረውም እምቢ ማለት ብልግና ስለመሰለው ይቀበላታል። በኋላ ሕይወቱን የሚያተርፈው ይኸው መስቀል ነው። የመንደሩ ሰዎች ከለንደኑ ሰው ይልቅ ነገሩን ያውቁታል፤ የሚያውቁትም ልጆቻቸው ስለሚጠፉ ነው።

ሰኞ፣ ቲሁፃ መተላለፊያ

ስቶከር ቦርጎ የሚለው መተላለፊያ የዛሬው ቲሁፃ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,201 ሜትር ከፍታ አለው። ልቦለዱ ግንቡን እዚህ ስላስቀመጠ በ1983 የድራኩላ ግንብ የተባለ ሆቴል ተሠርቶበታል። ኮረብታው አረንጓዴ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። አንድ አዛውንት እረኛ በጎች እየነዱ መንገዱን ሲያቋርጡ መኪናችን ቆሞ ጠበቀ።

ወደዚህ የመጣሁት ስም ስለሌላት አንዲት ሴት ነው። ሰኔ 24 ቀን ከመንጋቱ በፊት በጻፈው ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ሀርከር በግንቡ ውስጥ ታስሮ ሳለ ካውንት ድራኩላ የሀርከርን ልብስ ለብሶ፣ ከረጢት ይዞ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ሲወርድ ያየዋል። ልብሱን የለበሰው የሚሠራው ክፋት በእንግሊዛዊው እንዲሳበብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ካውንቱ ይመለሳል፣ ከክፍሉ የሕፃን ልቅሶ ይሰማና ወዲያው ጸጥ ይላል። ከዚያ ጠጉሯ የተበታተነ፣ ሮጣ የደከመች ሴት ከበሩ ፊት ትታያለች፤ ሀርከርን በመስኮት ስታየው ጭራቅ ብላ ልጄን መልስልኝ ትለዋለች፣ በሩን በእጆቿ ትደበድባለች። ካውንቱ ከላይ ሆኖ በሹክሹክታ ተኩላዎችን ይጠራል። ተኩላዎቹ ይመጣሉ፣ ከሴትዮዋ የሚሰማ ጩኸት የለም፣ ጥቂት ቆይተው ከንፈራቸውን እየላሱ ይሄዳሉ። ሀርከርም የልጇን ዕጣ ስላወቀ ልራራላት አልቻልሁም፣ ሞቷ ይሻላታል ብሎ ይጽፋል።

ይህ ክፍል በፊልሞች ብዙውን ጊዜ ይቀራል። እኔ ግን መጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ግፍ አላውቅም። ይህች እናት አይታ የሞተችው የተሳሳተ ሰው ፊት ነው፤ ልጇን የበላው ሀርከር ነው ብላ ሞተች። ሌሊቱን በትራንሲልቫኒያ ዱር ሮጣ እስከ ግንቡ በር የደረሰች፣ በመጽሐፉ ሁሉ ቫምፓየሩን በቤቱ በር ላይ ለብቻዋ የተጋፈጠች ሴት ናት፤ መሣሪያዋ ድምፅዋ ብቻ ነበር። የሉሲ ሞት አምስት ወንዶችን አስተባብሮ ከለንደን እስከ ካርፓትያን ተራሮች አዝምቷል። የእርሷ ሞት የማስታወሻ አንድ አንቀጽ ነው። የገበሬ ሚስት ከሆንሽ ስትነከሺ ለሉሲ እንደተጠራላት ያለ ፕሮፌሰር የሚጠራልሽ የለም።

የሚገርመው፣ ለነካሹ የሚያዝነው ሰው በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል፤ ያም ሚና ናት። ደሟ ከተመጠጠና ግንባሯ ከተቃጠለ በኋላ፣ ሊገድሉት የተነሡትን ወንዶች ይህን ሁሉ መከራ ያመጣው ምስኪን ነፍስ ከሁላችን ይልቅ ያሳዝናል፣ በጥላቻ አትሥሩ ትላቸዋለች። የሁሉንም ደብዳቤና ማስታወሻ በጽሕፈት መኪና ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ያዘጋጀችውም እርሷ ናት። አንባቢው የያዘው መጽሐፍ በተነከሰች ሴት እጅ የተሰናዳ ነው።

ረቡዕ፣ በመንገድ ላይ

ከትራንሲልቫኒያ ወደ ቲሚሾአራ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰርቢያ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት የቫምፓየር የፍቅር ታሪክ ስታነብ ቆይታ የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት የእርሷ ቫምፓየር ሰው እንደማይገድል አስረዳችኝ። እውነቷን ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ነካሹና ተነካሹ ቦታ ተለዋውጠዋል። አን ራይስ በ1976 ባሳተመችው ልቦለድ ቫምፓየሩ ራሱ በቃለ መጠይቅ መከራውን ይናገራል፤ በታሪኩ ውስጥ ለዘላለም ሕፃን ሆና የቀረችው ክላውዲያ የምትመስለው በ1972 በደም ካንሰር የሞተችውን የደራሲዋን ትንሽ ልጅ ነው። በ1972 የወጣው ብላኩላ የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ደግሞ የባሪያ ንግድ እንዲቆም ለመነጋገር ወደ ድራኩላ ግንብ የሄደን ማሙዋልዴ የተባለ አፍሪካዊ ልዑል ያሳያል፤ ድራኩላ ነክሶ በሣጥን ቆልፎ፣ የራሱን ስም እንኳ ነጥቆ ሌላ ስም ይለጥፍበታል። ፊልሙ በርካሽ የተሠራ ቢሆንም ይህ የመጀመሪያ ትዕይንት ከብዙ ውድ ፊልሞች ይልቅ ቫምፓየር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1997 የጀመረው ቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ባፊም በአስፈሪ ፊልሞች ሁልጊዜ በጨለማ መንገድ የምትገደለዋን ወጣት ሴት የቫምፓየር ገዳይ አድርጎ አስነሣት።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1872፣ አየርላንዳዊው ሸሪዳን ለ ፋኑ ሎራ የምትባል ከሞት የተረፈች ወጣት ታሪኳን በራሷ አንደበት እንድትናገር አድርጎ ነበር። ሎራ ቫምፓየሯን ካርሚላን ትፈራታለች፣ ትወዳታለችም፤ ካርሚላ ከተገደለች ከዓመታት በኋላም የእግሯን ኮቴ በሳሎኑ በር ላይ የሰማች ይመስላታል። ተራፊ ሰው በሁለት ልብ እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ያሳየ የቫምፓየር ድርሰት አላነበብሁም።

ሐሙስ፣ ኪሲሌቮ

ከፖዛሬቫፅ ከተማ በምሥራቅ፣ በዳኑብ ዳር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። የጎበኘኋት ሰዓት ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱበት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ካሜራዬን አይተው ስለ ፔታር ነው የመጡት? ብለው ጠየቁኝ፤ አዎን ስላቸው ፈገግ ብለው መንገድ አሳዩኝ።

በ1718 ውል ይህ አገር ከኦስማኖች ወደ ሐብስቡርግ መንግሥት አለፈ፤ አዲሶቹ ሹማምንት ያዩትን ሁሉ መዝግበው ወደ ላይ የሚልኩ ሰዎች ስለነበሩ እኛም ነገሩን ለማወቅ በቃን። ፔታር ብላጎየቪች የተባለ ገበሬ ሞቶ በተቀበረ በአሥረኛው ሳምንት ገደማ፣ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ ከአንድ ቀን ሕመም በኋላ ሞቱ። በሞት አልጋቸው ላይ ፔታር በእንቅልፋቸው መጥቶ ላያቸው ላይ ተኝቶ ጉሮሯቸውን አንቆ እንደያዛቸው ተናገሩ። ሚስቱ ደግሞ መጥቶ ጫማውን እንደጠየቃት ተናግራ ከመንደሩ ሸሸች። ፍሮምባልድ የተባለው የመንግሥት ሹም ከበላይ ፈቃድ ይጠበቅ ቢልም፣ መንደርተኞቹ ፈቃዱ እስኪመጣ በኦስማኖች ዘመን እንደሆነው መንደሩ ያልቃል፣ ካልፈቀድህ ጥለን እንሄዳለን አሉት። ካህን ይዞ ሄደ። ሬሳው ከአፍንጫው በቀር ያልፈረሰ፣ ጠጉሩና ጥፍሩ የታደሰ፣ አሮጌ ቆዳው ተገፍፎ አዲስ የወጣለት፣ አፉ ውስጥም ደም ያለበት ሆኖ ተገኘ። በሾለ እንጨት ወጉት፣ አቃጠሉት። ዘገባው በሐምሌ 21 ቀን 1725 በቪየና ጋዜጣ ወጣ።

ዛሬ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ምልክት ማብራሪያ አላቸው። በመሬት ውስጥ ሬሳ በጋዝ ይነፋል፣ ጋዙ ቀይ ፈሳሽ ወደ አፍ ይገፋል፣ የላይኛው ቆዳና ጥፍር ሲላጥ ከሥሩ ያለው ትኩስ ይመስላል። የሞት መንሥኤ ምን እንደነበረ ግን መዝገቡ አይነግረንም፤ ተላላፊ በሽታ መሆኑን መገመት ይቻላል። ፍሮምባልድ ዘገባውን የሚዘጋው ስሕተት ተሠርቶ ከሆነ በእኔ ሳይሆን በፍርሃት ልባቸው በጠፋው ሕዝብ ይላከክ ብሎ ነው። ሀርከር ልራራ አልቻልሁም እንዳለው ሁሉ፣ ይህም ሹም እጁን ታጥቦ ወጣ።

የፔታር ስም በዓለም ሁሉ ታወቀ። ዘጠኙ ግን ዘጠኝ ተብለው ብቻ ቀሩ፤ ሹሙ ስማቸውን አልጻፈም። የሟች ሚስትም የእገሌ ሚስት እንጂ ስም የላትም፤ የፖሊዶሪን የኦብሪ እኅት ያገኘሁት እዚህ ነው። ፔታርም ራሱ ቢሆን ጥፋቱ ቀድሞ መሞት ብቻ ነበር። በመንደሩ የተጎዱትን ብንቆጥር ዘጠኝ ሳይሆን አሥር ናቸው።

ዓርብ፣ በምዕራብ ሞራቫ ወንዝ

የሜድቬጃ መንደር መዝገብ ከኪሲሌቮ የሚለየው ስም ስላለው ነው። አርናውት ፓቭሌ የሚባል ወታደር ከድርቆሽ ጋሪ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ከሞተ በኋላ ሰዎች በየሌሊቱ እንደሚያስቸግራቸው ተናገሩ፤ ተቆፍሮ ተወጋ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሞት ገብቶ በሦስት ወር ውስጥ 17 ሰዎች አለቁ። በጥር 1732 የጦር ሐኪሙ ዮሐን ፍሉኪንገር ከባልደረቦቹ ጋር መጥቶ መቃብሮቹን እያስከፈተ እንደ ሐኪም ጻፈ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሕመሙ ቀን፣ የሬሳው ሁኔታ።

በዝርዝሩ ውስጥ የ20 ዓመቷ ስታና አለች፤ ከወሊድ በኋላ በሦስት ቀን ሕመም ሞታለች። ራሷን ለመጠበቅ የቫምፓየር ደም ተቀብታ ነበር፤ ስለዚህም እርሷና ሕፃኗ ቫምፓየር መሆናቸው አይቀርም ተብሎ ተፈረደባቸው። ሕፃኑ እንደተወለደ ሞቶ በጥንቃቄ ስላልተቀበረ ግማሹን ውሾች በልተውታል። ሌላዋ የ20 ዓመት ሴት ስታኖይካ፣ ጤነኛ ሆና ከተኛችበት እኩለ ሌሊት ጮኻ ተነሥታ፣ ከዘጠኝ ሳምንት በፊት የሞተው ሚሎዬ የተባለ ልጅ አንገቷን አንቆ እንደያዛት ተናግራ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሚሎዬ 16 ዓመቱ ነበር። በመዝገቡ ሁለቱም አሉ፤ አንዷ ተነካሽ፣ አንዱ ነካሽ ተብለው፤ ሁለቱም ያልፈረሱ ሆነው ስለተገኙ የሁለቱም ራስ ተቆርጦ ተቃጠለና አመዱ ወደዚህ ወንዝ ተጣለ። ሥጋቸው ፈርሶ የተገኙት ደግሞ ወደ መቃብራቸው ተመለሱ። ነካሽና ተነካሽን የለየው ያደረጉት ነገር ሳይሆን አፈሩና ቅዝቃዜው በሬሳቸው ላይ የሠራው ሥራ ነው።

የፍሉኪንገር ዘገባ በዚያው ዓመት በመላው አውሮፓ ታትሞ የሊቃውንት ክርክር አስነሣ፤ የፖሊዶሪ መኰንንም ሆነ የስቶከር ካውንት የዚህ ክርክር የልጅ ልጆች ናቸው። ነገሩ በሕግ የቆመው ግን በ1755 ነው። በሞራቪያና በሲሌዥያ ወሰን ላይ ሮሲና ፖላኪን የተባለች ሴት ሬሳዋ ተቆፍሮ ሲቃጠል ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሞች ላከች፤ ዋና ሐኪሟ ጌራርድ ቫን ስዊተን ሬሳ ሳይፈርስ የሚቆይበት ተፈጥሯዊ ምክንያት እንዳለ አስረድቶ ጻፈ፤ ንግሥቲቱም ያለ ሐኪምና ያለ መንግሥት ምርመራ መቃብር መክፈትን፣ መውጋትንና ማቃጠልን ከለከለች። በዚህ ጉዞ ካገኘኋቸው ጽሑፎች ሁሉ ለሙታኑ ጥብቅና የቆመው ይህ ትእዛዝ ነው፤ ለስታና፣ ለስታኖይካና ለሚሎዬ ግን 23 ዓመት ዘግይቷል።